እርድ በወጥ፣ እርድ በብልቃጥ

«መቶ በመቶ ከተፈጥሮ የተዘጋጀ፣ ምንም ዓይነት የጎንዮሽ ጉዳት የሌለው።» ይህችን ማስታወቂያ ያልሰማ ሰው ካለ ስልክ የለውም ማለት ነው። ቲክቶክ ላይ ቦርጭ በሁለት ሳምንት የሚያጠፋ ሻይ ይሸጣል። ቴሌግራም ላይ ስኳር፣ ደም ግፊት፣ ጨጓራና የመገጣጠሚያ ሕመም በአንድ ዱቄት ይድናሉ። ጂም ውስጥ ብልቃጡን ይዞ የሚመጣው አንዳንዴ አሠልጣኙ ራሱ ነው። ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥም ከጫማውና ከሽቶው መሃል ሁለት ሦስት ብልቃጥ «ቫይታሚን» አይጠፋም።

ከተፈጥሮ መዘጋጀቱ እውነት ሊሆን ይችላል። ከዚያ ተነስቶ «ስለዚህ አይጎዳም» ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። ኮሶም ከተፈጥሮ ነው፤ ኮሶ የጠጣ ሰው ቀኑን እንዴት እንደሚውል ያየ ያውቀዋል። የጉበት ሐኪሞች ደግሞ ባለፉት ሃያ ዓመታት ይህችን «ስለዚህ» በደም ምርመራ ሲያፈርሷት ቆይተዋል። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

በእርድ እንጀምር፤ ከሁሉም ይበልጥ የምናውቀው እሱ ነውና።

አንድ ድስት አልጫ ውስጥ አንዲት የሻይ ማንኪያ እርድ ይገባል እንበል። ሦስት ግራም ገደማ ትመዝናለች። «ኩርኩሚን» የሚባለው፣ እርድን ቢጫ የሚያደርገውና ሁሉም የሚያወራለት ንጥረ ነገር ከዱቄቱ ውስጥ ወደ ሦስት በመቶ ቢሆን ነው። ስለዚህ በድስቱ ውስጥ 90 ሚሊግራም ያህል አለ። ቤተሰቡ አምስት ከሆነ ለአንድ ሰው 20 ሚሊግራም እንኳ አይደርስም። አሁን ብልቃጡን እንይ። በገበያ ላይ የተለመደው እንክብል 500 ሚሊግራም ይላል። ዝቅ ብላ በትንንሽ ፊደል የተጻፈችው መስመር ደግሞ «95 በመቶ ኩርኩሚኖይድ» ትላለች፤ ኩርኩሚንና መሰሎቹ ማለት ነው። በቀን ሁለት ውሰዱ ከተባለ ወደ 950 ሚሊግራም ተዋጠ ማለት ነው። አልጫ በልቶ ከሚያድረው ሰው ሃምሳ እጥፍ።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። ኩርኩሚን ብቻውን ሲዋጥ አንጀት እምብዛም አያሳልፈውም፤ አብዛኛው እንደገባ ይወጣል። አምራቾቹ ይህን ስለሚያውቁ ከቁንዶ በርበሬ የሚወጣውን ፒፐሪን ይጨምሩበታል። በ1998 በሰዎች ላይ የተደረገ አንድ ጥናት ፒፐሪን ሲታከልበት ወደ ደም የሚገባው ኩርኩሚን ሃያ እጥፍ እንደሚሆን አሳይቷል። ብልቃጡ ላይ ይህ እንደ ትልቅ ብልጫ ይጻፋል። ለጉበት ግን የተለየ ዜና ነው። ለዘመናት ሰው ሲበላው የኖረው ነገር በዚያ መጠን ደም ውስጥ ገብቶ አያውቅም።

በአሜሪካ በመድኃኒትና በሰፕሊመንት (ብልቃጥ ውስጥ በሚሸጠው የአመጋገብ ማሟያ) ምክንያት የሚደርስን የጉበት ጉዳት ለይቶ የሚከታተል የሐኪሞች ትስስር አለ። ከ2004 ጀምሮ ከየሆስፒታሉ ሕሙማንን እየመዘገበ ነው። ይህ ትስስር በ2022 ባወጣው ጽሑፍ ከእርድ ጋር የተያያዙ አሥር ሕሙማንን ዘርዝሯል። አምስቱ ሆስፒታል ተኝተዋል። አንድ ሰው በጉበት ድክመት ሞቷል። እንክብሎቹ ወደ ላቦራቶሪ ተልከው በተመረመሩት ሁሉ ውስጥ የተገኘው በእርግጥም እርድ ነው፤ ሌላ የተደባለቀ መርዝ አልነበረም። ከአሥሩ ሰባቱ ደግሞ ኤችኤልኤ-ቢ 35፡01 የሚባል፣ ከወላጅ የሚወረስ አንድ ዓይነት የዘር ቅንጣት (ጂን) ነበራቸው። በ2023 የአውስትራሊያ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤትም ስለ እርድ እንክብል ለሕዝብ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል።

እርድ ስላችሁ አልጫችሁን እንዳትተዉ። ምግብ ውስጥ የሚገባው እርድ በዚህ ክስ ውስጥ የለበትም። እኔን የሚገርመኝ የወጥ ቤቱ መልካም ስም እንዴት እንደሆነ ሳይታወቅ ወደ ብልቃጡ መዛወሩ ነው። አያቶቻችን የበሉት እርድ ያተረፈውን አመኔታ፣ አያቶቻችን አይተውት የማያውቁት ነገር ይነግድበታል።

አረንጓዴ ሻይም ያው ነው። ሻዩን አፍልቶ የሚጠጣ ሰው ዋናውን ንጥረ ነገር በአብዛኛው በቀን ከ90 እስከ 300 ሚሊግራም ያገኛል። ለክብደት መቀነሻ ተብሎ በእንክብል የተጨመቀው ግን ከዚያ ብዙ ሊያልፍ ይችላል። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2018 ጉዳዩን መርምሮ፣ በእንክብል መልክ በቀን 800 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ሲወሰድ የጉበት መጎዳት ምልክት የሆነው የጉበት ኢንዛይም በደም ውስጥ ከፍ እንደሚል አስታወቀ። በ2022 ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት የቀን መጠኑ ከዚያ በታች እንዲሆን በሕግ ወሰነ። በነገራችን ላይ ያ እርድ ላይ ያየነው የዘር ቅንጣት በአረንጓዴ ሻይ ጉበታቸው በተጎዳ ሰዎች ላይም በብዛት ተገኝቷል።

ይህ የዘር ቅንጣት ነገር አንድ የተለመደ ክርክር ይፈታል። «እኔ ስድስት ወር ወስጄ ምንም አልሆንኩም» የሚል ሰው በየኮሜንቱ አለ። ሰውየው አልዋሸም። ግን የሱ ጤንነት ላንቺ ምንም ዋስትና አይሰጥም።

ጉበት የሚጎዳው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው መጠኑ ከበዛ ማንንም የሚጎዳው ነው፤ ፓራሲታሞል ከልክ በላይ ሲወሰድ እንደሚያደርገው። ሁለተኛው ሰው የሚመርጥ ነው። በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ወስደውት ደህና ይሆናሉ፤ አንዷ ላይ ይነሳል። ከአንጀት የተመጠጠ ነገር ሁሉ ወደ ሌላው ሰውነት ከመሰራጨቱ በፊት በአንድ ትልቅ የደም ሥር በኩል መጀመሪያ ጉበት ይደርሳል። ጉበት ይሰባብረዋል፣ ይለውጠዋል፣ ለመወገድ ያዘጋጀዋል። በመሃል የሚፈጠረው ነገር አንዳንዴ ከተዋጠው የባሰ ይሆናል፤ ከጉበት ሕዋስ ጋር ይጣበቃል። የአንዳንድ ሰው የመከላከያ ሥርዓት ደግሞ ይህን ሲያይ «ባዕድ ገባ» ብሎ የራሱን ጉበት ይወጋል። ማን እንደሆነ አስቀድሞ የሚለይበት ቀላል መንገድ የለም። ያ የዘር ቅንጣት ያላቸው አብዛኞቹ ሰዎችም ምንም ሳይሆኑ ይኖራሉ።

«በሺህ አንድ ከሆነ ታዲያ ምን ያስፈራል?» የሚል ይኖራል። የሚያስፈራው የወሳጁ ብዛት ነው። በ2024 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት የ9,685 አዋቂዎችን መረጃ ይዞ ስሌት ሠርቷል። እርድ፣ አረንጓዴ ሻይ፣ አሽዋጋንዳ፣ ጋርሲኒያ ካምቦጂያ፣ ቀይ እርሾ ሩዝና ብላክ ኮሆሽ የተባሉ፣ ጉበት ሊጎዱ እንደሚችሉ የታወቁ ስድስት ዕፅዋትን ነው የቆጠረው። ከመጠየቃቸው በፊት በነበሩት 30 ቀናት ውስጥ ቢያንስ አንዱን የወሰዱ አሜሪካውያን 15.6 ሚሊዮን ይሆናሉ። አብዛኞቹ ሐኪም አላዘዘላቸውም፤ በራሳቸው ነው የጀመሩት። ጉዳቱ ጥቂቶች ላይ ቢነሳም ከዚህ ሁሉ ሰው መሃል ሆስፒታል የሚገባው ትንሽ አይሆንም። ያ የሐኪሞች ትስስር በዐሥር ዓመት ውስጥ ከመዘገባቸው የጉበት ጉዳቶች መካከል የሰፕሊመንትና የዕፅዋት ድርሻ ከ7 በመቶ ተነስቶ 20 በመቶ ደርሷል። ለጡንቻ ከሚወሰዱት ውጭ ባሉት ሰፕሊመንቶች ከተጎዱት ውስጥ 13 በመቶዎቹ ሞተዋል ወይም ጉበት ተተክሎላቸዋል። በሐኪም መድኃኒት ከተጎዱት ግን 3 በመቶ ናቸው። ከተፈጥሮ ነው የተባለው፣ ኬሚካል ነው ከተባለው ብሶ ተገኘ።

አሁን ወደ ሻንጣው እንመለስ። «ከአሜሪካ የመጣ» የሚለው ቃል አዲስ አበባ ውስጥ ያለውን ክብደት እናውቃለን። ሰው የሚያስበው እንዲህ ነው፦ አሜሪካ ቀልድ የለም፤ መንግሥት ሳይመረምረው አይሸጥም። ለመድኃኒት እውነት ነው። ለሰፕሊመንት ግን አይደለም። በ1994 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ሰፕሊመንትን ከምግብ ተርታ መድቦታል። አምራቹ ገበያ ከማውጣቱ በፊት ደኅንነቱንም ሆነ መሥራቱን ለኤፍዲኤ፣ ማለትም ለአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት፣ አሳይቶ ፈቃድ ማግኘት አይጠበቅበትም። ኤፍዲኤ የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ ሰው ከተጎዳ በኋላ ነው፤ መጉዳቱን የማስረዳቱም ሸክም በሱ ላይ ነው። ብልቃጡ ጀርባ ላይ ስለ ጥቅሙ ከተጻፈው ሥር አንዲት ሳጥን ውስጥ ያለች ጽሑፍ አለች። «ይህ አባባል በኤፍዲኤ አልተገመገመም፤ ምርቱ በሽታ ለመመርመር፣ ለማከም ወይም ለመከላከል አይደለም» ትላለች። ሻጩ ፎቶ ሲለጥፍ የብልቃጡን ፊት ብቻ ያነሳል። «ኤፍዲኤ የመዘገበው ፋብሪካ» ብሎ የሚጨምርም አለ። ይህ ማለት ፋብሪካው ስሙንና አድራሻውን አስመዝግቧል ማለት ነው። እንክብሉን የመረመረው የለም።

ሃዋይ ላይ የሆነው ነገር ይህ ሥርዓት እንዴት እንደሚሠራ በደንብ ያሳያል። በ2013 መስከረም ወር ሆኖሉሉ ውስጥ የጉበት ሐኪሞች ምክንያቱ ያልታወቀ ከባድ የጉበት ሕመም የያዛቸው ሰባት ሰዎች ተከታትለው ሲመጡባቸው ለጤና ቢሮ አስታወቁ። ቀደም ሲል ጤነኛ የነበሩ ሰዎች ናቸው። ምርመራው ሲሰፋ ቁጥሩ 29 ደረሰ። ከእነዚህ 24ቱ ኦክሲኢሊት ፕሮ የሚባል የክብደት መቀነሻና የጡንቻ ሰፕሊመንት ወስደው ነበር። አንድ ሰው ሞተ፤ ሁለት ሰዎች የጉበት ንቅለ ተከላ ተደረገላቸው። ምርቱ ከዚያ ቀደም ብሎ ይዘቱ ተቀይሮ፣ ኤጀሊን የሚባል አዲስ ንጥረ ነገር ገብቶበት ነበር። ኩባንያው ምርቱን ከገበያ የሰበሰበው ሰው ከሞተ በኋላ፣ ኅዳር ላይ ነው። ሐኪሞቹ ባይነጋገሩ ኖሮ ደግሞ ሰባቱ ሰዎች በየሰነዳቸው «ምክንያቱ ያልታወቀ» ተብለው ይቀሩ ነበር።

እስራኤል ውስጥ የሆነውንም ልጨምር። በ2007 የታተመ ጽሑፍ የአንድ ዓለም አቀፍ ኩባንያን የአመጋገብ ማሟያ ሲወስዱ ቆይተው ጉበታቸው የተቆጣ 12 ሕሙማንን ይዘረዝራል። በአማካይ አንድ ዓመት ገደማ ወስደዋል። ሲያቆሙ አብዛኞቹ ዳኑ። ከዚያ ሦስቱ እንደገና ጀመሩት፤ ሦስቱንም ዳግመኛ ያዛቸው። ለጉበት ሐኪም ከዚህ የጠነከረ ማስረጃ የለም። የትኛው ንጥረ ነገር እንደሆነ ግን ያን ጊዜ ሊለይ አልቻለም።

የጂሙን ነገር በአጭሩ ልለፈው። ለጡንቻ ተብለው ከሚሸጡት አንዳንዶቹ መለያው ላይ ያልተጻፈ ሆርሞን አለባቸው። በእነዚህ የሚጎዱት ወጣት ወንዶች ናቸው። ዓይናቸው ቢጫ ይሆናል፣ ሰውነታቸውን ሌሊት ሙሉ ያሳክካቸዋል፣ ለጡንቻ ብለው ጀምረው ኪሎ ይቀንሳሉ። ቢጫነቱ ሦስት ወር ያህል ሊቆይ ይችላል። አብዛኞቹ ይድናሉ። በአጠቃላይ ጉበት ጎድተዋል ተብለው ወደ ላቦራቶሪ ከተላኩት ሰፕሊመንቶች ግማሽ ያህሉ ላይ የተጻፈውና በውስጣቸው የተገኘው አልገጠመም።

ወደ አገራችን ስንመጣ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። እኛ ጋ ብልቃጡ አዲስ ነው፤ ሥሩና ቅጠሉ ግን ነባር። በቅጠል የተሻለው ሰው ብዙ እንደሆነ አውቃለሁ፤ የባህል ሕክምናን በጅምላ የመውቀስ ፍላጎትም የለኝም። ዳማከሴ አሽታ ያላደገች ማን አለች። ግን ለጉበት ዋናው ጥያቄ ዕፁ የትኛው ነው፣ ስንት ነው፣ ለስንት ቀን ነው። የባህል መድኃኒት ሰጪው ብዙውን ጊዜ ለመጀመሪያው ጥያቄ መልስ አይሰጥም። ሙያው ምስጢር ነው፤ ከአባት ለልጅ የሚተላለፍ። መጠኑ በእፍኝና በሲኒ ነው። አሁን ደግሞ ሰጪውና ወሳጁ የማይተያዩበት ዘመን ላይ ደርሰናል። ድሮ የሰፈሩ አዋቂ መድኃኒቱን የሰጠውን ሰው በማግስቱ ገበያ ላይ ያገኘዋል። ያሁኑ ሻጭ በሞተረኛ ይልካል፤ ሰው ሲታመምበት ቁጥሩን ብሎክ ያደርጋል። በሕጉ ያልተመዘገበ መድኃኒት መሸጥ ክልክል ነው። የቴሌግራም ቻናል ግን የሚታሸግ በር የለውም።

ዕፅ ጉበት ማውደም እንደሚችል ለማወቅ ደግሞ ባሕር መሻገር አያስፈልገንም። ከ2001 ገደማ ጀምሮ በሰሜን ምዕራብ ትግራይ፣ ታሕታይ ቆራሮ ወረዳ አንድ የገጠር ቀበሌ ውስጥ ሰዎች ሆዳቸው እያበጠ መሞት ጀመሩ። ልጆችም አዋቂዎችም ነበሩበት። በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሦስት ሰው ይታመማል። በሽታው ለዓመታት «ያልታወቀ የጉበት በሽታ» ተብሎ ቆየ። የኢትዮጵያ ተመራማሪዎችና የውጭ ባለሙያዎች ተከታትለው ሲያጠኑት ጣታቸው ያረፈው በማሳ ውስጥ በሚበቅል አንድ አረም ላይ ነው። አጀራተም ይባላል በሳይንሱ አጠራር። አረሙ ከእህሉ ጋር ይታጨዳል፣ ይወቃል፣ ይፈጫል። ፒሮሊዚዲን አልካሎይድ የሚባል መርዝ አለው፤ በጉበት ውስጥ ያሉትን ጥቃቅን የደም ሥሮች ይዘጋል። ደም ማለፊያ ሲያጣ ፈሳሹ ሆድ ውስጥ ይጠራቀማል። ይኸው መርዝ በ1970ዎቹ አፍጋኒስታን ውስጥ ከስንዴ ጋር ተቀላቅሎ ብዙ ሰው ጨርሷል። በ1950ዎቹ ጃማይካ ውስጥ ደግሞ ለልጆች በሚሰጥ የቅጠል ሻይ መጥቷል። ታሕታይ ቆራሮ ላይ ማንም ምንም አልሸጠም፣ ማንም አላታለለም። ተፈጥሮ ራሷ ናት።

ምሥራቁ ላይ ደግሞ የጫት ጉዳይ አለ። ጫት ሰፕሊመንት አይደለም፤ ግን «ቅጠል ነው ምን ያደርጋል» በሚለው ሐሳብ ውስጥ አብሮ ስለሚገባ አልዘለውም። በ2015 እና በ2016 ሐረር ውስጥ በሚገኙ ሁለት ሆስፒታሎች 150 ሥር የሰደደ የጉበት ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ከ300 ሌሎች ጋር ያነጻጸረ ጥናት ተደርጎ ነበር። ከሕሙማኑ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በተለመዱት ምክንያቶች፣ ማለትም በሄፓታይተስ ቫይረስ ወይም በመጠጥ፣ ሕመማቸው ሊገለጽ አልቻለም። ጫት የሚቅሙ ወንዶች ላይ ግን አደጋው ከፍ ብሎ ታየ። እንዲህ ያለ ጥናት ብቻውን ምክንያትና ውጤትን አያረጋግጥም። ቢሆንም ተመራማሪዎቹ ያላገኙትን ምክንያት ወዴት መፈለግ እንዳለባቸው ይጠቁማል።

ዋናው ችግር ግን ለእኔ ከዕፁም ከብልቃጡም ይልቅ ዝምታው ነው።

ጉበት ውስጡ ሲጎዳ ብዙ አያምም። ትልቅ አቅም ስላለውም ለሳምንታት ችሎ ይቆያል። መጀመሪያ የሚመጣው ድካም፣ የምግብ መጥላትና ማቅለሽለሽ ነው። እኛ አገር ለዚህ የተዘጋጀ መልስ አለን፤ «ጨጓራ ነው»። ለጨጓራው ሌላ ዱቄት ይገዛል። ከዚያ ሽንት እንደ ጥቁር ሻይ ይጠቁራል፣ ዓይን ቢጫ ይሆናል። «የወፍ በሽታ ነው» ይባልና ደግሞ ሌላ ሥር ይጠጣል። ሆስፒታል ሲደረስ ሰውየው ጉበቱን በአንድ ዕፅ ጎድቶ በሁለት ዕፅ ደግሞበታል። ሰፕሊመንቱን ከጀመረ ሁለት ሦስት ወር ስለሆነው ደግሞ ከሕመሙ ጋር አያገናኘውም። «ያንን እኮ ከጀመርኩ ቆይቻለሁ» ይላል። ጉዳቱ የሚነሳው ብዙውን ጊዜ ልክ በዚያው፣ ከአንድ እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ነው።

የምርመራ ክፍሉን ደግሞ እናስበው። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ውጭ ሰልፍ አለበት።

«እማማ፣ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

«ኧረ ምንም የለም ልጄ።»

ልጃቸው ከጎን ጣልቃ ትገባለች። «እማዬ፣ ያ ጠዋት ጠዋት የምትጠጪው ዱቄትስ?»

«እሱማ መድኃኒት መቼ ሆነ!»

እማማ አልዋሹም። በእሳቸው ቤት መድኃኒት ማለት ፋርማሲ የሚገዛው ነው። የሚዋሽም አለ ደግሞ። ባለፈው «የባህል መድኃኒት ወስደሽ መጣሽ?» ተብላ የተቆጡባት ሴት በሚቀጥለው ጊዜ አትናገርም። ሐኪሙ በቁጣው ያገኘው ነገር ቢኖር መረጃውን ማጣት ነው። ሰፕሊመንት ጉበት መጉዳቱን ነጥሎ የሚያሳይ የደም ምርመራ የለም። ሐኪሙ የሄፓታይተስ ቫይረሶችን፣ መጠጥን፣ የሐሞት መዘጋትን፣ ሌላውንም አንድ በአንድ ከሰረዘ በኋላ ነው እዚያ የሚደርሰው። ሕመምተኛው ካልተናገረ መድረሻ የለውም።

ይህ ዝምታ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ላይ ሲደርስ የባሰ ነገር ያመጣል። የቲቢ መድኃኒቶች ራሳቸው ጉበት ላይ ጫና አላቸው፤ ይታወቃል፣ ክትትል ይደረግበታል። በመሃል ሰውየው «ሰውነት ይጠግናል» የተባለ ዱቄት በጎን ይጠጣል። ዓይኑ ቢጫ ሲሆን ሐኪሙ የሚያውቀው የቲቢውን መድኃኒት ነውና እሱን ያቆማል። ሕይወት የሚያድነው ቆመ፤ ዱቄቱ ቤት ውስጥ ቀጠለ። በኤችአይቪ መድኃኒት ላይ ያሉ ሰዎችም ያው አደጋ አለባቸው። ሄፓታይተስ ቢ በደማቸው ውስጥ ኖሮ ተመርምረው የማያውቁ ሰዎች ደግሞ አገራችን ውስጥ ጥቂት አይደሉም። የእነሱ ጉበት ከመጀመሪያውም ትርፍ አቅም የለውም። ጉበቱ ጨርሶ እምቢ ካለ ደግሞ መንገዱ ረጅም ነው። ኩላሊት ከ2015 ጀምሮ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ይተከላል። ጉበት የሚያስፈልገው ሰው ግን ዓይኑ ያለው ውጭ አገር ላይ ነው፤ ቤት ተሽጦ፣ በየሚዲያው ገንዘብ ተለምኖ።

ስለዚህ ከሐኪሞቹ በኩል ጥያቄው ቢለወጥ ብዙ ነገር ይቀየር ነበር። «መድኃኒት ይወስዳሉ?» ከማለት «ዱቄት፣ ሻይ፣ ሥር፣ ቫይታሚን፣ ከውጭ የተላከ ነገር አለ?» ብሎ በየስሙ መጠየቅ፤ ያለ ቁጣ። ፋርማሲስቱም ሰው ፓራሲታሞል ሊገዛ ሲመጣ ይችኑ ቢጠይቅ ሁለት ደቂቃ አትፈጅበትም።

ከወሳጁ በኩል ያለው ደግሞ ቀላል ነው። ብልቃጡን ፊቱንም ጀርባውንም ፎቶ አንስቶ ስልክ ላይ ማስቀመጥ። መለያ የሌለው ዱቄት ከሆነ ዱቄቱን ራሱን በላስቲክ ቋጥሮ ይዞ መሄድ። ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ ሽንት ከጠቆረ፣ ያለ ምክንያት ሰውነት ካሳከከ ሁሉንም አቁሞ በዚያው ቀን ጉበትን መመርመር። ምርመራው የተራ ደም ምርመራ ነው፤ ብዙ የግል ላቦራቶሪዎችም ይሠሩታል። አብዛኛው ሰው በጊዜ ካቆመ ጉበቱ በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ይመለስለታል። ከዳኑ በኋላ «እስቲ በትንሹ» ብሎ መሞከር የለም፤ የእስራኤሎቹን ሦስት ሰዎች ያስታውሱ። የተረፈውንም «እኔን አልተስማማኝም፣ አንተን ይስማማህ ይሆናል» ብሎ ለዘመድ አለማቀበል ነው።